መደቡና ደረጃው

ጆሮ ያለው ይቅረብ፤ እንቅልፍ የያዘውም እዚያው ጥጉ ላይ ይተኛ፤ እኔ እንደሆነ ከጀመርኩ አላቋርጥም። ስሙን የማልነግራችሁ አንድ አገር ነበር። ስሙን ብነግራችሁ እገሌን ነው፣ እገሊትን ነው ትላላችሁ፤ እኔ ደግሞ በስተርጅናዬ ከማንም ጋር መካሰስ አልሻም።

የዚያ አገር ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ቤት መሥራትና በተሠራው ቤት ላይ መፍረድ ነበር። አዲስ አዳራሽም ይሁን ድልድይ፣ ወፍጮ ቤትም ይሁን ጎተራ፣ ተሠርቶ ሲያልቅ «ይነበባል» ይባላል። የሚያነበው በመንግሥት የተሾመ ቤት አንባቢ ነው። አንባቢው በሕዝብ ፊት ቆሞ ሁለት እጁን ይዘረጋል፤ የድንጋይ ሹሙ በቀኝ መዳፉ ነጭ፣ በግራ መዳፉ ጥቁር ድንጋይ ያኖርለታል። ድንጋዮቹ የዶሮ እንቁላል ያህላሉ። አንባቢው ሁለቱን ጨብጦ ቤቱን ያያል፤ አይቶ ሲጨርስ አንዱን ከበሩ ደፍ ላይ ያስቀምጣል። በቃ፣ ፍርዱ ያ ነው። ነጩን ካስቀመጠ ቤቱ ፍጹም ነው ተብሎ፣ ጠጠር ሳይጨመርበት ጠጠር ሳይቀነስበት፣ በየአውራጃው ሁሉ እሱን የመሰለ ይሠራል፤ ቆላ ነው ደጋ ነው የሚል የለም። ጥቁሩን ካስቀመጠ ቤቱ ይፈርሳል። የነደፈው ሰው የልክ ገመድም በአደባባይ ይቆረጣል፤ ገመዱ የተቆረጠ ነዳፊ ከዚያ ወዲያ የዶሮ ቤት እንኳ ማቆም አይፈቀድለትም።

«ደግ ጎንም ክፉ ጎንም ያለው ቤትስ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ኧረ ሞልቶ! ግን ለእንዲህ ያለው ቤት ድንጋይ አልተበጀለትም።

ሌላም ሥርዓት ነበረ። ድንጋይ የጨበጠ አንባቢ ፍርዱን ሳያስቀምጥ እጁን አይከፍትም። በእጁ አይበላም፣ ብዕር አይዝም፣ ዝንብ እንኳ አያባርርም። የጥንት ሰዎች ይህን ያወጡት አንባቢው ነገሩን አክብዶ እንዲይዘው ብለው ነው አሉ። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ አንባቢ ሁሉ ምሳ ሳይደርስ መፍረድ ለመደ። ታሪኳን ከምነግራችሁ ከደብሪቱ በፊት የነበረው አንባቢማ አንዱን ድልድይ ከቁርስ በፊት አስፈርሶ ቁርሱን በሰላም የበላ ሰው ነው። አገሩም በቅልጥፍናው ሲያነሣው ይኖራል።

ደብሪቱ ቀልጣፋ አልነበረችም። ባሏ የሞተባት፣ ጸጉሯ መሸበት የጀመረ፣ ምላሷ የተባ ሴት ናት፤ ፍጥነት ግን አልፈጠረባትም። ወጥ ሲቀርብላት እንኳ ቀምሳ፣ ዝም ብላ፣ ደግሞ ቀምሳ ነው «ጨው አንሶታል» የምትለው። «አንቺ ስታላምጪ ሰው ወልዶ ይድራል» ይሏታል ጎረቤቶቿ። እስከዚያ ድረስ የሰጧት የጉድጓድ ውሃና የወፍጮ ቤት ብቻ ነበር። ትልቁ አንባቢ ሲሞት ግን ሌላ ሰው ጠፋና አዲሱ የፍርድ አዳራሽ ለእሷ ደረሳት።

አዳራሹን የነደፈው አንዳርጌ የሚባል ሰው ነው። ረጅም፣ ቅልጥመ መቃ፣ ሲናገር እጁን በአየር ላይ እንደ ገመድ የሚዘረጋ፣ በሥራው ላይ ቀልድ የማያውቅ ሰው። ትውልዱ ከወንዙ ማዶ ነው። በዚያ አገር ወዲህና ማዶ የሚባል ነገር ነበረ፤ ወንዙ ራሱ ሕፃን ልጅ ቀሚሱን ሰብስቦ የሚሻገረው ምንጭ ነው፣ ወዲህና ማዶ መባባሉ ግን ጎርፍ ነበር። የወዲህ ሰው የማዶ ሰው የሠራውን ቤት ገና መሠረቱ ሲቆፈር ይጠላዋል፤ የማዶም ሰው ገና ሳያየው ይዘፍንለታል። ደብሪቱ የወዲህ ናት።

አንዳርጌ ቤቱን ሲጀምር ሁለት ሐሳብ ተናግሮ ነበር። አንደኛው፣ «የግድግዳ ውስጡ የባለቤቱ ነው፣ ውጩ የመንገደኛው ነው» የሚል ነው። ስለዚህ በአዳራሹ ግድግዳ ዙሪያ፣ ከታች ከመንገዱ በኩል፣ ሰፊ መደብ ሠራ፤ ከላዩ የጣራውን ክፍክፍ አስረዝሞ ዝናብም ፀሐይም የማይገባበት ጥላ አደረገለት። ሁለተኛው ሐሳቡ ደረጃው ነበር። የድሮው ፍርድ ቤት ሜዳ ላይ ነበርና ሰው ዱላውን እንደያዘ ሰተት ብሎ እየገባ ዳኛ ፊት ይፈነካከት ነበር። «ቂም ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሰው ከሁለቱ አንዱን ይጥላል፤ ወይ ቂሙን ወይ ትንፋሹን» አለ አንዳርጌ። ብሎም አዳራሹን ከፍ ካለ ካብ ላይ አውጥቶ፣ ጉልበት ጉልበት የሚያህል ደረጃ ደረደረለት።

የንባቡ ዕለት የወዲህም የማዶም ሰው ተግተልትሎ መጣ። ችሎቱማ ንባቡን ሳይጠብቅ ወደ አዳራሹ ከገባ ሰንብቷል። የድንጋይ ሹሙ ብላታ ቢተው በበቅሎ ደረሱ። ብላታ ደግ ፊት ያላቸው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ወፍራም ሽማግሌ ናቸው፤ ሥርዓትን ከወለደቻቸው እናት አብልጠው ይወዳሉ። ድንጋዮቹን በደብሪቱ መዳፍ አኑረው፣ ጣቶቿን በእጃቸው አጣጥፈው፣ መደቡ ላይ እፎይ ብለው ተቀመጡ።

«እኔ እዚሁ ጥላው ሥር ልረፍ። ድንጋዩ ሲቀመጥ ከደፉ አጠገብ መገኘት አለብኝ፤ ያኔ እወጣለሁ» አሏት።

ደብሪቱ ቤቱን ዞረችው። መደቡ ላይ አንዴ ተቀመጠች፤ ግድግዳው ትንሽ ዘንበል ብሎ ጀርባን ይቀበላል። በየመሐሉ የውሃ እንስራ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ አለ። አንዲት ሸክላ ሻጭ ገንቦዎቿን ደርድራ ልጇን ታጠባለች፤ አንድ መንገደኛ ጫማውን አውልቆ ያንኮራፋል። በየትኛውም የመንግሥት ቤት ደጃፍ ሰው ተቀምጦ አይታ አታውቅም ነበርና ደነቃት። ከዚያ እጇን እንደጨበጠች ደረጃውን ወጣች፤ የሚደገፉት ነገር አልነበረምና ቀስ እያለች። ሁለት ወንድማማቾች በበሬ ተካስሰው እየተሰዳደቡ ከጎኗ ይወጡ ነበር። ከላይ ሲደርሱ ሁለቱም ጉልበታቸውን ይዘው አለከለኩ፤ ታናሹም «ጋሼ፣ አንተ ቅደም» አለ። ደብሪቱ ሳቅ አመለጣት። ወይ አንዳርጌ፣ እውነቱን ነው እኮ! አለች በልቧ። ውስጡ ደግሞ በመስኮቱ የገባው ብርሃን ዳኛውንና ተሟጋቹን እኩል ያያቸዋል፤ አንዱ በጨለማ ሆኖ ሌላውን አያይም።

ወደደችው። በእውነት ወደደችው። ነጩን ላስቀምጥ ብላ ብላታን ልትጠራ ወደ በሩ መጣች።

ያን ጊዜ ነው አዋጅ ነጋሪው ከደፉ ላይ ቆሞ፣ «በለጡ አጥናፌ! በለጡ አጥናፌ! በለጡ አጥናፌ!» ብሎ የተጣራው። ደብሪቱ ቁልቁል ስታይ አንዲት አሮጊት ከታችኛው ደረጃ ላይ በእጃቸውም በእግራቸውም ይድኻሉ።

«አለሁ! እየመጣሁ ነው እኮ!» ይላሉ።

አዋጅ ነጋሪው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሥርዓቱ ከደፉ ላይ የቆመውን ብቻ ስማ ይለዋል። «የለችም!» አለ፣ ዳኛውም «ቀርታለች» አሉ። አንድ ጎረምሳ አሮጊቷን ሊያዝል ጎንበስ ቢል ዘበኛው ከለከለው፤ ማንም ሰው በሰው ጀርባ ታዝሎ ከፍርድ ደጃፍ አይቆምም የሚል ጥንታዊ ሕግ አለ። ፍርድ ቤቱ ሜዳ ላይ ሳለ ሕጉ ማንንም ጎድቶ ስለማያውቅ የሚያስታውሰውም አልነበረም።

ደብሪቱ ወርዳ ከአሮጊቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«ምን አጥፍተው ነው የተጠሩት እማማ?»

«እኔ ምን አጠፋለሁ ልጄ፣ ከሳሿ እኔ ነኝ። የባሌን ወንድም ነው፤ ጓሮዬን ገፍቶ ገፍቶ ከምድጃዬ ደርሷል። ባለፈውም ጠሩኝ፣ እዚችው ቀረሁ። ሦስተኛ ከቀረሁ ርስቴ ለእሱ ነው አሉኝ። ከክረምቱ በኋላ ይጠሩኛል።» እማማ በለጡ ጉልበታቸውን ዳሰሱት። «ይሄ ደግሞ እስከዚያ ልጃገረድ አይሆንልኝ።»

ደብሪቱ ቀኝ እጇን አየች፣ ግራ እጇን አየች። ነጩን ብታስቀምጥ ይህ ደረጃ በየአውራጃው ይቆማል፤ በየአውራጃው አንዲት በለጡ ትቀራለች። ጥቁሩን ብታስቀምጥ መደቡ ይፈርሳል፣ ጥላው ይፈርሳል፣ ያ ብርሃን ይጠፋል፤ ይህን ሁሉ ያሰበ ሰውም ገመዱ ይቆረጣል። ብላታ ፊት ሄዳ ቆመች።

«ብላታ፣ ይህ ቤት በአንድ ድንጋይ አይነበብም። ልናገር?»

«አንባቢ አይናገርም፣ ያስቀምጣል።»

«መደቡን ይመልከቱት፣ እርስዎም ተመችቶዎታል። ደረጃው ግን…»

«አንቺ ሴትዮ፣ ቤት አንድ ነው፤ ድንጋዩም አንድ ነው። ምሳ ሊደርስ ነው፣ ቶሎ በይ።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብላታ።»

ሕዝቡ ማጉረምረም ጀመረ። ወዲህ ያለው «ጥቁር! ጥቁር!» አለ፤ ማዶ ያለው «ነጭ! ነጭ!» አለ። ከሁለቱም ወገን ከሚጮኸው ደረጃውን የወጣ አንድ ሰው አልነበረም።

«እሺ» አለች ደብሪቱ መጨረሻ ላይ። «እንግዲያው ሥርዓቱ ይፈጸም፤ ከደፉ አጠገብ ይቀመጡልኝ።»

ብላታ ተነሡ። ደረጃውን ቀና ብለው አዩት፤ እንደገና አዩት። አንዱን ወጡ፣ ሁለተኛውን ወጡ፣ ሦስተኛው ላይ «ወይኔ ጉልበቴ!» ብለው ዘጭ አሉ። ሎሌያቸው ጀርባውን አመቻቸ።

«በሰው ጀርባ? እኔ? ሕጉን የምጠብቀው እኔው አይደለሁም እንዴ!» አሉና ላባቸውን ጠረጉ። «ጉልበቴ እስኪሻለኝ ንባቡ ይቆይ!»

«እጄስ?» አለች ደብሪቱ።

«እጅሽማ እንደተጨበጠ ይቆያል» አሉ፤ ወደ ሎሌያቸውም ዞር ብለው፣ «ግድ የለም፣ ረኃብ ያስመርጣታል» አሉ። ቢርባት አንዱን ድንጋይ በአፏ ትናገራለች፣ እሳቸውም ሲሻላቸው መጥተው ያስቀምጡላታል ብለው ነው።

እንዲህ ሆኖ ያ ክረምት ገባ። ደብሪቱ በተጨበጠ እጅ ኖረች። ማን እንደሚያለብሳት፣ ማን እንደሚያጥባት አትጠይቁኝ፤ እታገኝ የምትባል ጎረቤት ነበረቻት፣ ዕዳው ሁሉ በእሷ ወደቀ። «አንዱን ጣይና ገላሽን በራስሽ ታጠቢ! የሰው ቤት ምን ቤትሽ ነው?» ትላለች እታገኝ፣ እየታዘዘችም ትራገማለች። ጣት ሲደነዝዝ እንዴት እንደሚያም የያዘው ያውቀዋል፤ ደብሪቱ አንዳንዴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታለቅስ ነበር። ጨብጣ የዋለች ሴት እንባዋን በምን ትጥረገው?

መጀመሪያ ላይ ረኃብ የለም ነበር። ኧረ ጥጋብ ነው! የወዲህ ሰዎች በመሶብ ይዘው ይመጣሉ፤ እያጎረሱ «ያ የማዶ ሰው እኮ ቤት ሳይሆን ገደል ነው የሠራው፣ ጥቁሯን እንዳትረሺ» ይሏታል። እነሱ ሲወጡ የማዶ ሰዎች ይገባሉ፤ እያጎረሱ «እንዲህ ያለ ጥላ የት ታይቶ ያውቃል፣ ነጯን አደራ» ይሏታል። እሷም እያላመጠች ለወዲሆቹ መደቡን ታመሰግንላቸዋለች፣ ለማዶዎቹ ደረጃውን ትወቅስላቸዋለች። ሰዎቹ በንዴት ሌላ ያጎርሷታል። በዚያ ክረምት ደብሪቱ ወፈረች።

ኋላ ግን ሁለቱም ተስፋ ቆረጡ። ወዲህ «ማዶዎች አፏን ዘግተውታል፣ ከሐዲ» አሏት። ማዶ «የእነሱው ናት፣ ጠልታን ነው» አሏት። መሶቡ ቀረ። እታገኝም የራሷ ልጆች አሉባት፤ ከተረፋት ታመጣለች እንጂ ሁልጊዜ ከየት ይተርፋል? የብላታም ትንቢት ሊሞላ ደረሰ፤ ደብሪቱ አዳራሹ መደብ ላይ ተቀምጣ በረኃብ ዓይኗ ይጨልም ጀመር።

አንድ የገበያ ቀን አንዳርጌ መጣ። ከፊቷ ቆሞ ቁልቁል ተመለከታት።

«ምን በድዬሽ ነው?» አላት። «ጥቁሩንም ብታስቀምጪ ገመዴ ተቆርጦ ይወጣልኝ ነበር። ክረምቱን ሙሉ አንጠልጥለሽ ያዝሽኝ።»

«በልቻለሁ ወይ ብለህ አትጠይቀኝም?»

አንዳርጌ ተቆጥቶ ነው የመጣው፤ ግን ሰው ነው። አገልግሉን ከትከሻው አወረደ፣ ጠቀለለና አጎረሳት። እጁን ሊሰበስብ ሲል፣ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለችው።

«ተጣልተን የለ እንዴ?»

«እንግዲያው ሁለተኛውን ጨምርበት።»

ሳይወድ ሳቀ፤ ጨመረላትም። እሷም ውጣ ስትጨርስ ቤቱን አንድ በአንድ ነገረችው፤ ግድግዳው ጀርባ እንዴት እንደሚቀበል፣ የውሃው ጎድጓዳ፣ ዳኛንና ድኻን እኩል የሚያየው ብርሃን፣ «ጋሼ፣ አንተ ቅደም» ያለው ልጅ። አንዳርጌ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ቤቱን እንዲህ አድርጎ ያየለት ሰው አልነበረም። የሚዘፍኑለትም ዘፈኑ እንጂ ቤቱን አላዩትም። ከዚያ ደረጃው ላይ ደረሰች።

«ደረጃውን የለካኸው በራስህ ቅልጥም ነው አንዳርጌ። አሮጊት አይወጣውም፣ ነፍሰ ጡር አትወጣውም። ካልወጡ ደግሞ ቀርተዋል ይባላሉ።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ሐሳቡ ያለው ደረጃው ላይ ነው! ደረጃውን ያልተረዳ ቤቱን አልተረዳም!»

«ተረድቼዋለሁ። ደግ ሐሳብ ነው፤ ለሚወጣው።»

«ሁላችሁም አንድ ናችሁ፣ የወዲህ ሰዎች!» ብሎ አገልግሉን አንጠልጥሎ ተነሣ። ግን የትም አልሄደም፤ መደቡ ሌላኛው ጫፍ ላይ ሄዶ ዘፍ አለ። እዚያ ደግሞ እማማ በለጡ ተቀምጠው ነበር። የሚጠሩበት ቀን ስለተቃረበ በየገበያው ቀን እየመጡ ደረጃውን ይሞክሩታል፤ ሁለቱን ይወጡና ተመልሰው መደቡ ላይ ያርፋሉ። አንዳርጌን አያውቁትም።

«አረፍ በል ልጄ» አሉት። «ደስ አይልም ጥላው? እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ መደብ አላየሁም። ለማንም ሳይሉ፣ ለእንደኔ ዓይነቱ ለመንገደኛ! ይህን የሠራ ሰው እጁ ይባረክ። በልጅ በልጅ ልጁ ይባረክ።»

አንዳርጌ አንገቱን ደፋ። «አሜን» አለ።

«ያንን ደረጃ የሠራው ሰው ግን» አሉ እማማ በለጡ በበትራቸው እያመለከቱ፣ «እጁ ይቆረጥ!»

አንዳርጌ ሁለት እጁን ብብቱ ሥር ከተተ።

«ወይ ሁለቱ ቢመካከሩ ምን ነበረበት? ያ ደጉ ሰው ለዚያ ክፉው ቢነግረው?»

«እማማ… አንድ ሰው ነው የሠራው።»

«ሂድ ወዲያ!» ብለው ሳቁበት። «አይሆንም ልጄ። ለሚያልፈው መንገደኛ እንዲህ የሚያዝን ሰው፣ ለሚመጣው ከሳሽ እንዲያ አይጨክንም። ሁለት ሰዎች ናቸው። አንተ ደግሞ የሰማኸውን ሁሉ አትመን።»

አንዳርጌ ጉልበቱን አቅፎ ተቀመጠ። ደብሪቱ ከዚያኛው ጫፍ ሆና ታየው ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ደረጃው ሥር ሄደ፤ ሁለት እጁን እንደ እሷ ጨበጠ፣ ጉልበቱን እንደ አሮጊት አጠፈ፣ በዚያ ሁኔታ አንዱን ደረጃ ሊወጣ ሞከረ። ገበያተኛው አበደ ብሎ ሳቀበት። ሁለተኛው ላይ በግንባሩ ሊደፋ ምንም አልቀረውም።

በማግስቱ በቅርጫት አፈር ተሸክሞ መጣ። ባልተነበበ ቤት ላይ ድንጋይ አይጨመርም፣ አይቀነስምም፤ ስለ አፈር ግን ሕጉ የሚለው ነገር የለውም። የደረጃውን ግማሽ፣ በአንድ በኩል፣ በአፈር እየሞላ፣ እየደለደለ፣ በዝግታ ከፍ የሚል ጠምዛዛ መንገድ አደረገው። ከጎኑም አፈሩን የሚጠብቅ የውሃ ቦይ ቆፈረ። ያን የሚወደውን ደረጃ በገዛ እጁ ሲቀብር ፊቱን ያየ ሰው ሆዱ ይባባል። ሸክላ ሻጯ አንድ ቅርጫት አመጣችለት፣ ያ የሚያንኮራፋው መንገደኛም ተነሥቶ አንድ ጨመረ። ግማሹን ደረጃ ግን እንዳለ ተወው፤ ቂም ያለበት ጎረምሳ ይውጣበት ብሎ።

«አንዳርጌ» አለችው ደብሪቱ፣ «መንገዱ ካለቀ እኮ ብላታም ይወጣሉ። ብላታ ከወጡ አንዱን ማስቀመጤ ነው። ይህ ቤት እስካሁን የቆመው በጉልበታቸው ሕመም ነው።»

«አውቃለሁ» አለ አፈሩን በእግሩ እየጠቀጠቀ። «እሳቸው ካልወጡ እማማ በለጡም አይወጡም።»

ክረምቱ አለፈ። የእማማ በለጡ ሦስተኛ ቀጠሮ በደረሰ ዕለት፣ ብላታም ወሬውን ሰምተው በበቅሎ መጡ። የወዲህም የማዶም ሰው እንደገና ተሰበሰበ። ብላታ በአፈሩ መንገድ ቀስ እያሉ ወጡ፤ አንዴ አረፉ፣ ደግሞ ወጡ፣ ከደፉ አጠገብም ተቀመጡ። እማማ በለጡ በትራቸውን ተደግፈው ከኋላቸው ነበሩ።

«በይ እንግዲህ፣ ጉልበቴ ደርሷል» አሉ ብላታ። «አንዱን አስቀምጪ።»

ደብሪቱ ሁለት እጇን ዘረጋች። ምን ልታደርግ እንዳሰበች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ ወዲሆች ነጩን ልታስቀምጥ ነበር ይላሉ፣ ማዶዎች ጥቁሩን። ምንም አላደረገችም፤ ጣቶቿ አልከፈት አሏት። ክረምቱን ሙሉ ተጨብጠው እንደ ደረቀ ቆዳ ተገትረው ነበር። ብላታ ሊያላቅቁ ታገሉ፤ አልሆነም። አንዳርጌ ቀረበ፣ ከሸክላ ሻጯ ቅቤ ተቀብሎ እጆቿን አሸላት፣ አሸላት፤ እሷም ከሕመሙ የተነሣ ጮኸች። ድንገት ሁለቱም እጆቿ አንድ ላይ ተፈቱ። ሁለቱም ድንጋዮች ወደቁ።

ደረጃ ቢሆን አንዱ ላይ ይቆሙ ነበር። መንገዱ ግን ተዳፋት ነው። ተንከባለሉ፤ ሕዝቡ እየዘለለ አሳለፋቸው፣ መደቡ ላይ የተቀመጠው ሁሉ እግሩን አነሣላቸው፣ ሄደው ከቦዩ ገቡ። ሎሌዎች ተሯሩጠው ጭቃውን በረበሩ። በክረምት ጎርፍ የመጣ የዶሮ እንቁላል የሚያህል ድንጋይ ቦዩ ውስጥ ሞልቶ ነበር፤ ሁሉም ጭቃ ነው፣ ቢያጥቡትም ነጩም ጥቁሩም ብዙ ነው። በእቅፍ እየያዙ ለብላታ አመጡላቸው።

ብላታ ያን ሁሉ ድንጋይ አገላብጠው አዩና ግራ ገባቸው። «ድንጋይ ሲጠፋ ሥርዓቱ ምን ይላል?» ብለው ሽማግሌዎቹን ጠየቁ። የሚያውቅ አልተገኘም፤ ድንጋይ እስኪጠፋ የጨበጠ አንባቢ በዚያ አገር ኖሮ አያውቅማ።

«እህ» አሉ ብላታ። መውረዱን አሰቡት፤ ጉልበታቸውን አሹ። «በይ… እንግዲህ… በአፍሽ ተናገሪያ።»

ደብሪቱም ተናገረች። መደቡን ተናገረች፣ ጥላውን፣ ብርሃኑን። ደረጃው ከየት ሐሳብ እንደመጣ፣ ሐሳቡ እንዴት ደግ እንደሆነ፣ ማንን እንደረሳ ተናገረች። ማን በአፈር እንደቀበረውም አልደበቀችም፤ አፈሩም ቢሆን በየክረምቱ ካልተደለደለ እንደማይበረክት ጨመረች። ምሳ ደረሰ፣ ምሳ አለፈ። ወዲሆች ወቀሳው አነሳቸው፣ ማዶዎች ምስጋናው አነሳቸው፤ ሁለቱም አጉረመረሙ፣ ግን ጥለው የሄዱት ጥቂት ናቸው። አንዳርጌ ጆሮው ቀልቶ እስከ መጨረሻው ሰማ። ቤቱ አልፈረሰም፣ በየአውራጃውም አልተባዛም፤ እዚያው እንዳለ አለ።

እሷ ስትጨርስ አዋጅ ነጋሪው ከደፉ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በለጡ አጥናፌ! በለጡ አጥ…»

«አቤት!» አሉ እማማ በለጡ ከጆሮው ሥር። «ምን ያስጮኽሃል? እዚሁ ነኝ!»

ረትተው ይሁን ተረትተው እኔ አልሰማሁም። ተሰምተዋል፤ ይህን አውቃለሁ።

ደብሪቱ ወርዳ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ጣቶቿ እንደቆላለፉ ቀርተው ነበር፤ ዕድሜ ልኳንም አልተቃኑላት። አንዳርጌ አገልግሉን ከፍቶ ሊያጎርሳት ሲጠቀልል እጁን ያዘችው።

«ተው፣ ዛሬ እኔ ነኝ» አለች።

በዚያ በተጣመመ እጇ፣ እየፈሰሰባት፣ እንደምንም ጠቀለለችና አጎረሰችው። «ይሄ ለመደቡ።» እንደገና ጠቀለለች፤ ሁለተኛውን ሚጥሚጣ ውስጥ ደህና አድርጋ አጠቀሰችው። «ይሄ ደግሞ ለደረጃው።»

አንዳርጌ ዓይኑ እንባ እያፈሰሰ ሁለቱንም ዋጠ።